ቀኑ ያለፈበት የታሸገ ምግብ ለምግብ ባንክ ይሰጣል?

ጥያቄ፦
ለምግብ ባንክ (ምግብ በስጦታ ተቀብሎ ለችግረኞች ለሚያከፋፍል ድርጅት) ልሰጥ ያዘጋጀኋቸውን የታሸጉ ምግቦች ሳገላብጥ የጥቂቶቹ ቀን እንዳለፈ፣ የአንዱ ቆርቆሮም እንደተጨረማመተ አስተዋልኩ። መጣሉ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም እኔ የማልበላውን ለሌላ መስጠት ተገቢ ነውን?

መልስ 1፦
በቅድሚያ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። «እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ጥራትን የሚመለከት በመሆኑ፣ እንደ ፓስታና ሩዝ ያሉ ደረቅ ምግቦች በአግባቡ ከተቀመጡ ከቀኑ በኋላም ብዙ ጊዜ ለምግብነት ይውላሉ፤ «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ደኅንነት ነውና አይታለፍም። ቀኑ ያለፈ የሕፃናት ዱቄት ወተት ፈጽሞ አይሰጥም። ያበጠ፣ የሚያፈስ ወይም መገጣጠሚያው ላይ የተጎዳ ቆርቆሮ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ያስወግዱት፤ መርዙ በማሽተትም ሆነ በመቅመስ ላይለይ ስለሚችል ቀምሰው አይሞክሩት።

መልስ 2፦
በምግብ ባንክ መጋዘን ምግብ በመለየት በበጎ ፈቃድ ሳገለግል፣ ተከፍቶ በላስቲክ የታሰረ ግማሽ ከረጢት ዱቄት ሳይቀር ደርሶናል። ሰጪው ቅን ሰው እንደነበር አልጠራጠርም፤ ይሁንና እንዲህ ያለውን መጣል የእኛ ሥራና ወጪ ይሆናል፣ ሳይታይ ካለፈ ደግሞ ተቀባዩ ትራፊ እንደተጣለለት ይሰማዋል። ስለዚህ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔ የምለየው ለእንግዳዬ ሳላፍር አቀርበው እንደሆነ ራሴን በመጠየቅ ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ከድግስ የተረፈ የበሰለ ምግብስ?

መልስ 1፦
ብዙዎቹ ከግለሰብ ቤት አይቀበሉም። የሚቀበሉ ካሉም፣ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ የቆየውን አይውሰዱላቸው፤ አስቀድመው ይደውሉ።