ጨሌ ሐብል ሰርቼ ስሸጥ ክሩ እየተበጠሰ ቀለሙም እየለቀቀ አስቸገረኝ፣ ምን ላርግ? (ደሴ)

ሮቢት ጨሌ፦
ሰላም ናችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። ደሴ ነኝ፣ የጨሌ ሐብል፣ አምባርና ጉትቻ እየሰራሁ በቴሌግራም መሸጥ ከጀመርኩ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው። ስራውን እወደዋለሁ፣ ማታ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ ነው የምቀመጠው። ባለፈው ወር ለአንድ ሰርግ የስድስት ሚዜ ትዕዛዝ ወሰድኩ፣ ቀይና ወርቃማ ጨሌ፣ አንገት ላይ ሶስት ዙር የሚሄድ። ስሰጣቸው በጣም ደስ ብሏቸው ነበር፣ ከዛ የሰርጉ ለት እስክስታው ሲደራ የአንዷ ተበጥሶ ድንኳኑ ውስጥ ተበተነ፣ ሰው እየረገጠው። የሌላዋ ደግሞ ላብ ሲነካው ቀዩ ለቀቀና የቀሚሷን ነጩን አንገት አቀላው። ሙሽራዋ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝ፣ ፎቶውን ብቻ ላከችልኝ፣ እሱ ነው የባሰ ያመመኝ። ብራቸውን መልሻለሁ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።
የምጠቀመው ክር ያ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ያለው ናይሎን ነው፣ ጫፉን ቋጥሬ ሱፐር ግሉ አደርግበታለሁ። ጨሌውን ደግሞ ከገበያ በጥቅል ነው የምገዛው፣ ቀለሙ ካማረኝ አነሳለሁ። እና ጥፋቱ ከእቃው ነው ወይስ ከእጄ? ጥሩ ጨሌ በምን ይለያል? ሌላው፣ ዋጋዬን ትንሽ ከፍ ላርግ ብዬ አምበር (ቢጫውን የዛፍ ሙጫ ዶቃ) እና የኛን የወሎ ኦፓል (የከበረውን ድንጋይ) ልጨምርበት አስቤ ነበር፣ ምን ትመክሩኛላችሁ? በሞቴ የምታውቁ ሰዎች ዝም አትበሉኝ።

እጀ ስራ ኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ብሩን መመለስሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው ያንን አይረሳም።
ከክሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም የተበጠሰው በሱ ነው። ያ ናይሎን ሲገዙት ጠንካራ ይመስላል ግን እየቆየ ይለጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ነው፣ ቋጠሮው አይፈታም ግን ክሩ ልክ ከሙጫው አጠገብ እጥፍ ሲል ቀጭ ይላል። የተበጠሰውን አምጪና እዪው፣ ወይ ቋጠሮው ጥግ ነው ወይ አንዱ ጨሌ አፍ ላይ ነው። የጨሌው ቀዳዳ አፉ ስለታም ከሆነ ክሩን እንደ መጋዝ ይበላዋል፣ በተለይ የሚጨፍር ሰው አንገት ላይ።
እኔ ለእንደዚህ አይነት ከበድ ላለ ሐብል የምጠቀመው የስቲል ሽቦ ነው፣ ቀጫጭን ሽቦዎች ተገምደው ከላይ ናይሎን የለበሰ። ሲገዙ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ 7 ፈትል አለ፣ 19 አለ፣ 49 አለ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይለሰልሳል፣ አይታጠፍም። 7ቱ ይረክሳል ግን አንዴ ከታጠፈ መስመሩ አይጠፋም፣ ለአንገት 19 እንኳን በቂ ነው። ሽቦ አይቋጠርም፣ ክሪምፕ የምትባለውን ትንሿን የብረት ቱቦ አስገብተሽ በፒንሳ ትጨፈልቂያታለሽ፣ ጫፉን ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሶስት ጨሌ ውስጥ መልሰሽ ቅበሪው። ጨፍልቀሽ ስትጨርሺ በሁለት እጅ ይዘሽ ሳብ አርጊው፣ የሚለቅ ከሆነ እዛው ቤትሽ ይልቀቅ።
ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጨሌውን ጥብቅ አርጎ መግፋት ነው፣ ሐብሉ እንደ ዱላ ይገተራል። የአንድ ጨሌ ያህል ክፍተት ተዪለት፣ አንገት ላይ ሲታጠፍ ሽቦው መተንፈሻ ያስፈልገዋል። መቆለፊያውን የምትይዘዋን ቀለበት ደግሞ ግራና ቀኝ አትበርግጃት፣ አንዱን ጫፍ ወደፊት አንዱን ወደኋላ ጠምዝዘሽ ክፈቻት፣ ስትዘጊያትም እንደዛው። በርግደሽ ከከፈትሻት ክብነቷ ይጠፋል ሐብሉም በሷ ሾልኮ ይወድቃል። ይቺን እስካውቅ ስንት ጉትቻ እንደወደቀብኝ።
በመርፌ የምትሸምኚው ስስ ስራ ከሆነ ግን ሽቦ አይሆንም፣ የተገመደ ክር ይሻላል፣ ከመስራትሽ በፊት ሰም ላይ ጎተት አርጊው። የጧፍ ሰም ራሱ ይሆናል፣ ክሩ አይተበተብም፣ ቋጠሮውም አይንሸራተትም።

ሰፌድ፦
ክሩ ተብሏል፣ እኔ ጨሌውን ልበል። ቀለሙ የለቀቀው ከላይ የተቀባ ስለሆነ ነው። ጨሌ ሁለት አይነት ነው በዪ፣ መስታወቱ ራሱ ሲቀልጥ ቀለም የገባበትና ነጩ ወይ ጥርት ያለው መስታወት ከላይ ወይ ቀዳዳው ውስጥ የተቀባ። አንዷን በጨርቅ ጠቅልለሽ በመዶሻ ስበሪያት፣ ውስጧም ቀይ ከሆነ ቀለሙ የራሷ ነው፣ ውስጧ ነጭ ከሆነ ቅብ ነው። ቀይ፣ ሮዝና ወይን ጠጅ ላይ በጣም ተጠንቀቂ፣ ብዙ የሚለቀው እነሱ ናቸው። ወርቃማና ብርማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅብ ስለሆነ ላብና ሽቶ ይልጠዋል።
ጥቅል ስትገዢ መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ውሰጂና ሶስት ነገር ሞክሪ። ጥጥ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) ነክረሽ ጨሌውን አሸት አሸት አርጊ፣ ጥጡን እዪ። ጥቂቱን ጨውና ሎሚ ጠብ ባለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሳድሪ፣ ላብ ማለት ያው እሱ ነው። ሌላውን ደግሞ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ግማሹን በካርቶን ሸፍነሽ ሁለት ሳምንት ተዪው፣ ካርቶኑን ስታነሺ ልዩነቱን በአይንሽ ታያለሽ። መስታወት ነው ወይ ፕላስቲክ ለማለት ጉንጭሽ ላይ አስነኪው፣ መስታወት ይቀዘቅዛል።
ቁጥሩንም እወቂው፣ 11 የሚባለው 2 ሚሊሜትር አለፍ ይላል፣ 8ቱ 3 ገደማ፣ 6ቱ 4 ገደማ፣ ቁጥሩ ሲያድግ ጨሌው ያንሳል። የጃፓኑ በጣም እኩል ነው፣ ለሽመና እሱን የሚያህል የለም፣ የቼክ አገሩ ትንሽ ይለያያል ግን ለሐብል ቆንጆ ነው። ርካሹን ከገዛሽም ደግሞ አትጣዪው፣ ለቀማ ነው የሚያስፈልገው። እኔ ሰፌድ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ በቀን ብርሃን ልክ ምስር እንደሚለቀም ነው የማደርገው፣ ቀጭኑን ለብቻ ወፍራሙን ለብቻ፣ ጎባጣውንና ቀዳዳው የተደፈነውን አውጥቼ። ከአንድ ብርጭቆ ጨሌ አንድ ሁለት ማንኪያ ይወጣል፣ ይውጣ። የተለቀመ ጨሌ ሲሰካ መስመሩ እንደ ጥለት ቀጥ ይላል፣ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይሄኛው ያምራል ብሎ ያነሳዋል።
አዎ ደግሞ የጉትቻ መንጠቆ ላይ ኒኬል የሚለቀውን ብረት ተዪው፣ ጆሮ ያሳክካል ያቆስላል፣ ስቴንለስ ስቲል ይሁንልሽ።

የባቲ ሰኞ፦
ልጄ ሰላም ነሽ፣ እኔ ባቲ ገበያ ጨሌና ብር ይዤ ሰኞ ሰኞ ስወጣ ብዙ ዘመኔ ነው፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝበት ገበያ ነውና ያላየሁት ዶቃ የለም። አምበር ያልሽውን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት። አምበር እየተባለ የሚዞረው ትልልቁ ቢጫ ዶቃ አብዛኛው ድሮ ከውጭ የመጣ ፋብሪካ የሰራው ነው፣ የዛፍ ሙጫ አይደለም። ውሃ ውስጥ ጨው እያማሰልሽ አልሟሟም እስኪል ጨምሪበትና ዶቃውን ጣይው፣ የፋብሪካው ይሰምጣል፣ እውነተኛው አምበር ይንሳፈፋል። ግን ያልበሰለው ወጣቱ ሙጫም ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ አሴቶን አንዲት ጠብታ ቀዳዳው ዳር ላይ አርጊ፣ ከተጣበቀ ወጣቱ ሙጫ ነው። ሁሉንም የሚያልፍ ርካሽ ፕላስቲክም አለ፣ እሱን በእጅ መልመድ ነው።
የፋብሪካው ዶቃ አያምርም ማለቴ አይደለም፣ እናቶቻችን አጊጠውበታል፣ አርጅቶም ያምራል። ግን ስሙን ቀይረሽ አትሽጪ። ብሩም እንደዛው ነው፣ የጠገራ ብሩ 1780 የሚለው ከሺህ 833 እጁ ንጹህ ብር ነው፣ ከሱ ቀልጦ የተሰራ ድሮ ስንት አለ፣ ዛሬ ግን ነጭ ብረት ሁሉ ብር ነው እየተባለ ይሸጣል። ነጭ ብረት ከሆነ ነጭ ብረት ነው በያት፣ የወደደች ትገዛለች።
የድሮ ጨሌ ካገኘሽ ደግሞ በጥጥ ፈትል የተሰካ ነው፣ ፈትሉ በስብሶ ይሆናል፣ እንዳለ አትሽጪው፣ ፈትተሽ እንደገና ስኪው።

ደላንታ፦
ስለ ኦፓሉ እኔ ልናገር፣ የወገል ጤና ልጅ ነኝ። በፈረንጅ 2008 ከኛ ገደል መውጣት ከጀመረ ወዲህ አለም ሁሉ የወሎ ኦፓል ይለዋል። አደራ የምልሽ ግን ይሄ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ስትከቺው ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስታወት ይጠራል፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል፣ ሰው ደንግጦ ፀሐይ ላይ ወይ እሳት አጠገብ ሲያደርቀው ነው የሚሰነጠቀው። ውሃ ይመለሳል፣ ዘይት ግን አይመለስም። እና የኛ ሰው ፀጉሩን ቅቤ ይቀባል አይደል? የአንዷ ዘመዴ ጉትቻ በቅቤ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል፣ ያ የሚያንፀባርቀው ሁሉ ደብዝዞ። ለምትሸጪላት ሴት ቅቤ፣ ሎሽንና ሽቶ እንዳይነካው ብለሽ በቃልሽ ንገሪያት። ቀለም የሚለቅ ክርም አታስጠጊው፣ እርጥብ ከሆነ የክሩን ቀለም ይመጠዋል። በጣም ጥቁር ኦፓል ካመጡልሽ ደግሞ በጭስ ወይ በቀለም የተደረገ ሊሆን ስለሚችል ጠይቂ። በክር ስትሰኪው በየድንጋዩ መሀል ቋጠሮ አርጊበት፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ አፉ ይሸረፋል።

ሮቢት ጨሌ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ የተበጠሰውን አውጥቼ አየሁት፣ እውነትም ቋጠሮው ጥግ ነው የተቆረጠው፣ ሙጫው እንደ ስንጣሪ ሹል ሆኖ። ከዛ ከቀዩ አስር ፍሬ በአሴቶን አሸሁ፣ ጥጡ ደም መሰለ። አንዷን ሰበርኳት፣ ውስጧ እንደ ስኳር ነጭ ነው። ካለኝ ቀይ ሁሉ የተረፈኝ አንድ ጥቅል ብቻ ነው፣ እሱ በጨውና ሎሚ አድሮ ውሃው ምንም አልሆነም፣ አሁን ግማሹ በካርቶን ተሸፍኖ መስኮት ላይ ነው።
ሙሽራዋን ደወልኩላት፣ ስድስቱንም በሽቦ እንደገና ሰርቼ በነፃ እሰጣችኋለሁ አልኳት፣ እሺ አለች፣ ለመልሱም እንለብሰዋለን አለችኝ። ኦፓሉን ለጊዜው ልተወው፣ መጀመሪያ እጄ ይስተካከል። የባቲው አባቴ፣ ሰኞ መጥቼ ዶቃውን በእጄ እንድለምድ ያሳዩኛል? ጨው ይዤ እመጣለሁ።

የባቲ ሰኞ፦
ነይ ልጄ፣ ገበያው ሳይሞቅ በጠዋት ነይ። ውሃውን እኔ አዘጋጃለሁ።