ለሌዘር ዳዮድ ድራይቨር፦ የተዘጋጀ ሞጁል ይበቃል ወይስ ራሴ ልስራ?

ጣናው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባህር ዳር ነኝ። እንጨትና ቆዳ ላይ ታንኳ ምናምን የሚቀርጽ ትንሽ ሌዘር ማሽን እየገጣጠምኩ ነው፣ ጀልባ መነሻው አካባቢ ለእንግዳ እቃ ከሚሸጡ ልጆች ጋር ተነጋግረን የጀመርነው ስራ ነው። ሌዘሩ ሰማያዊ 450 ናኖሜትር ነው፣ ሲሰራ 4.5 ቮልት አካባቢ ይይዛል፣ ሻጩ ከ1.2 አምፒር እንዳታልፍ ብሎኛል። መብራት ስለሚቆራረጥ በ12 ቮልት ባትሪ ነው ማሰራት የምፈልገው። ለድራይቨር፣ ማለት ለሌዘሩ ከረንት መጥኖ ለሚሰጠው ሰርክዩት፣ እጄ ላይ ያለው ኤክስ ኤል 4015 የሚባል ቮልቴጅ መቀነሻ ቺፕ የተገጠመበት፣ ቮልቴጅም ከረንትም የሚስተካከልበት ሞጁል ነው። የመውጫውን ሁለት ጫፍ በቀጥታ አገናኝቼ (ሾርት አድርጌ) ከረንቱን 1 አምፒር ላይ አቆምኩት፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ግን ምንም ሳይሰካበት 11 ቮልት ያሳያል፣ እሱ አስፈራኝና ሌዘሩን ገና አላገናኘሁትም። ከረንቱ ከተገደበ ቮልቴጁ ችግር የለውም የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ነው እንዴ?

የፖሊ ልጅ፦
እንኳንም አላገናኘኸው ወንድሜ። ለኤልኢዲ ቢሆን ችግር የለውም እልህ ነበር፣ ሌዘር ዳዮድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሞጁሉ መውጫ ላይ ትልቅ ካፓሲተር አለ አደል፣ 220 ማይክሮ ፋራድ ነው እንበል፣ ሳይሰካበት በ11 ቮልት ሞልቶ ይቀመጣል። ሌዘሩን ስትነካው መጀመሪያ የሚፈሰው ከካፓሲተሩ ነው፣ እሱን ደሞ የሚገድበው ሽቦህ ብቻ ነው። ሽቦውና ግንኙነቱ 0.2 ኦም ቢሆን 11 ሲቀነስ 4.5 ለ0.2 ስታካፍለው ከ30 አምፒር በላይ ይመጣልሃል። የሚቆየው ጥቂት አስር ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ ቴስተርህ ጭራሽ አያየውም፣ የከረንት መቆጣጠሪያውም እስኪነቃ ነገሩ አልቋል። ሌዘር ዳዮድ ብርሃን የሚወጣበት ፊቱ እንደ መስታወት ያለ በጣም ቀጭን ነገር ነው፣ ከአቅሙ በላይ ብርሃን ካለፈበት በዛች ቅጽበት ይቀልጣል። ከዛ በኋላ ከረንት ይወስዳል፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃንም ይሰጣል፣ ግን እንጨት አያቃጥልልህም።

ስለዚ ሰርክዩቱን ስትመርጥ ዋናው ጥያቄ መውጫው ላይ የተጠራቀመ ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። እኔ ብሆን ፒ ቲ 4115 የሚባለውን ከረንት የሚቆጣጠር ቺፕ ነው የምጠቀመው፣ ከ6 እስከ 30 ቮልት ይቀበላል፣ እስከ 1.2 አምፒር ይሰጣል፣ መውጫው ላይ ካፓሲተር አይፈልግም፣ አብሮት የሚገጠመው ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ራሱ ከረንቱን ይዞ ይሄዳል። ከረንቱን 0.1 ቮልት ከረንት ለመለካት ለምትገጥምለት ሬዚስተር በማካፈል ታገኘዋለህ፣ 0.1 ኦም ካደረግክ 1 አምፒር ማለት ነው። ኮይሉ 68 ማይክሮ ሄንሪ ይሁን፣ ግን 1.5 አምፒር ላይ ሳቹሬት የማያደርግ፣ ማለት ሞልቶ ከረንቱን መግታት የማያቅተው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ይሄ ቺፕ ከረንቱን ከአማካዩ 15 ፐርሰንት ወደላይና ወደታች ያወዛውዘዋል። አማካዩ 1 አምፒር ሲሆን ጫፉ 1.15 ይደርሳል፣ ሌዘርን የሚገድለው ደሞ ጫፉ ነው። 1.2 አማካይ ላይ እንዳታደርገው።

ሽቦ ፈቺ፦
ለ1 አምፒር ምን ስዊቺንግ (እያበራ እያጠፋ የሚሰራ ሰርክዩት) አስፈለገ? ኤል ኤም 317 የሚባለው ሬጉሌተር ቺፕ ላይ 1.25 ኦም ሬዚስተር አድርግና 1 አምፒር አገኘህ፣ ምንም አይወዛወዝም፣ መውጫው ላይም የሚጠራቀም ነገር የለም።

የፖሊ ልጅ፦
ልክ ነህ ንጹህ ነው፣ ግን በ12 ቮልት ባትሪ 7.5 ዋት ዝም ብሎ ሙቀት ይሆናል፣ ሌዘሩ ራሱ የሚወስደው 4.5 ዋት ነው። የሚያዝያን የባህር ዳር ሙቀት ደሞ ታውቀዋለህ። ባትሪ ባይሆን እስማማ ነበር።

የድሮ ራዲዮ ጠጋኝ፦
ልጆች ጥሩ ብላችኋል። ልጄ ጣናው፣ የፈለግከውን ስራ፣ ግን መጀመሪያ ሌዘሩን አትንካው። አራት ዋን ኤን 5408 ዳዮድ በተከታታይ ስታኞ አድርገህ ጫፉ ላይ 1 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ግጠምበት፣ በ1 አምፒር 4.5 ቮልት አካባቢ ይይዛል፣ ለድራይቨሩ ሌዘር ይመስለዋል። ሬዚስተሩ ላይ 1 ቮልት ካነበብክ 1 አምፒር ነው። ከቻልክ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ፔዳም ይሁን ፖሊ፣ ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጁን መዝለል በስዕል የሚያሳይ መሳሪያ) የሚያስነካህ ልጅ ፈልግና ባትሪውን ስታበራና ስታጠፋ እዛችው ሬዚስተር ላይ እየው፣ ከ1.15 ቮልት በላይ የሚዘል ሹል ነገር ካለ ሌዘርህን አታገናኝ።

ጣናው፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የፖሊ ልጅም አመሰግናለሁ። ፒ ቲ 4115 አዝዣለሁ። ማሽኑ ላይ እያለ ማብራት ማጥፋቱን ማሽኑን ከሚያዘው ትንሽ ቦርድ፣ ከአርዱዊኖ፣ በቺፑ ዲም በሚባለው የማብሪያ ማጥፊያ እግር ማድረግ እችላለሁ?

የፖሊ ልጅ፦
ትችላለህ፣ ከ0.3 ቮልት በታች ካወረድከው ይጠፋል፣ 5 ቮልት ስትሰጠው ሙሉ ይሰራል። ብቻ አርዱዊኖው ሲነሳ እግሩ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ወደ ግራውንድ ሬዚስተር አድርግለት፣ ክፍት ከተተወ ራሱን ያበራል። ሌላው፣ በዚህ ቺፕ የሌዘሩ ሁለቱም እግር ግራውንድ አይደለም፣ የሌዘሩ ቆርቆሮ ሽፋን ከአንዱ እግር ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ በቴስተር እይ፣ ከሆነ ሂትሲንኩ (የሌዘሩ ሙቀት ማስወጫ ብረት) የማሽኑን ብረት እንዳይነካ። እየሰራ እያለ ደሞ ሽቦውን አትንቀል፣ ኮይሉ የያዘው መሄጃ ያጣል፣ መልሰህ ስትሰካውም ሙሉ ቮልቴጁ ነው የሚጠብቀው።

የድሮ ራዲዮ ጠጋኝ፦
መነጽሩንም አብረህ እዘዝ ልጄ። ላዩ ላይ 450 ናኖሜትርን የሚሸፍን መሆኑና ኦ ዲ (ብርሃን የመከልከል አቅሙ) 4 ወይ ከዛ በላይ ተብሎ መጻፉን እይ፣ የፀሐይ መነጽር አይሆንም። አጠገብህ ለሚቆሙት የሱቅ ልጆችም ጨምርላቸው፣ ከእንጨቱ ተንጸባርቆ የሚመጣውም አይን ያጠፋል።