የወንድሜን መኪና ይዤ ጅቡቲ ለመግባት ምን ወረቀት ይቀረኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከኮምቦልቻ ተነስቼ በባቲና በሚሌ፣ ከዛ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ልገባ አስቤያለሁ። እህቴ ጋ ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ። መኪናዋ ኮድ 2 ቪትዝ ናት፤ ሊብሬው ግን በታላቅ ወንድሜ ስም ነው። እሱ አብሮኝ አይሄድም። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለኝ።

ሹፌሩ፦ አብሽር፣ ብዙውን ጨርሰሃል። ግን ያ ኢንሹራንስ ጋላፊን ካለፍክ አይሠራም። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ አውጣ፤ በአባል አገሮቹ የሚሠራ ኢንሹራንስ ነው። የትም አትንከራተት፤ ኢንሹራንስ የገባህበት ድርጅት በነበረህ ላይ ጭማሪ አስከፍሎ ይሰጥሃል። ስትቀበል እዛው ቆመህ አንብበው። ጅቡቲ ከተሸፈኑት አገሮች መሃል አለች? የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል? መቼ ነው የሚያበቃው? ድንበር ላይ የሚያርምልህ የለም። ደግሞ ካርዱ ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው እንጂ ያንተን ቪትዝ አይጠግንልህም።

የጦሳ ልጅ፦ ኢንሹራንሱስ በብር ያልቃል። ከባዱ የወንድምህ ስም ነው። «ይሂድበት» ብሎ በስልክ ቢናገር ማን ይሰማዋል? ውልና ማስረጃ ቀርቦ ውክልና ይስጥህ። «እንዲነዳ» የሚል ብቻ እንዳይሆን። ከአገር እንድታወጣት፣ መልሰህ እንድታስገባት፣ ጉምሩክ ፊት በሱ ስም እንድትፈርም ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ከዛ ፈረንሳይኛ አስተርጉመው፤ የጅቡቲ የመንግሥት ሥራ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ነው። የባንክ ብድር ካለባትም የባንኩን የፈቃድ ደብዳቤ ሳትይዝ እንዳትንቀሳቀስ።

ጠያቂ፦ ተመስገን፣ ብድር የለባትም። ግን ልሸጣት አይደል፣ ጉምሩክ ምን አገባው?

ቦርከና፦ ኧረ ያገባዋል! በጊዜያዊነት እንደወጣች ካልተመዘገበች፣ ስትመለስ እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ቀረጥ ክፈል ልትባል ትችላለህ። ያኔ ከዚሁ የወጣችው መኪና መሆኗን ማስረዳት ያንተ ጣጣ ነው። ኮምቦልቻ የጉምሩክ ቅርንጫፍ አለልህ። ጋላፊ በዛ ሙቀት ቆመህ ከምትጨቃጨቅ እዚሁ ሄደህ ምን ምን እንደሚጠይቁ ስማ። የሚሰጥህን የመመለሻ ቀንም አታሳልፍ። ሞተሯ ተቀይሮ ከሆነ አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ መግባቱን እይ፤ የሚያመሳክሩት ሻንሲና ሞተር ነው።

ሲስተር፦ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዝ ወንድሜ፤ ይሄኛው ከኢንሹራንሱ ካርድ ጋር አይገናኝም። ካርዱ የሚጸናው ከተከተብክ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሰዓት አታቆየው። ቪዛውንም እንደዛው።

ጠያቂ፦ ኑሩልኝ። ነገ ወንድሜን ይዤ ውልና ማስረጃ እሄዳለሁ። ሁሉም ከተሟላ ሰኞ ጠዋት ልውጣ?

ሹፌሩ፦ ሰኞማ የባቲ ገበያ ነው! ግመሉና ሰዉ መንገዱን ይሞላዋል። ማክሰኞ በጠዋት ውጣ።