ቲኋና ላይ ኮሪዶ ማጫወት ያስቀጣል እንዴ? የምታውቁ ንገሩኝ

የሳውንዱ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ሳንዲዬጎ ነው ያለሁት፣ ሳውንድ ነው የምሠራው። አንድ የሜክሲኮ ባንድ ድንበሩን ተሻግሬ ቲኋና ውስጥ ፌስቲቫል ላይ እንድሠራለት ጠየቀኝ። የላኩልኝ የዘፈን ዝርዝር ግማሹ ኮሪዶ ነው፣ ታሪክ የሚተርከው የሜክሲኮ ዘፈን። ከተማው ከልክሏል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? መዘዙ ለእኔም ይተርፋል?

ቤዝ ጊታር
እውነት ነው፣ ግን ኮሪዶ ሁሉ አይደለም። የተከለከለው ናርኮኮሪዶ የሚሉት፣ የዕፅ ነጋዴዎችን የሚያወድሰው ነው። የቲኋና ምክር ቤት በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2023 ነው ያጸደቀው፣ ቅጣቱ ከ1 ሚሊዮን ፔሶ በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለ ፈረስ ወይም በ1910 ስለጀመረው አብዮት የሚያወሩት የድሮዎቹ ሌላ ናቸው። ርዕሱን አይተህ አትፍረድ፣ ስፓኒሽ የሚችል ሰው ግጥሙን ያንብብልህ።

የሎስ አንጀለሷ
ወንድሜ፣ ከቅጣቱ በፊት ዕቃህን አስብ። ኤፕሪል 2025 ሜክሲኮ ውስጥ ቴክስኮኮ በሚደረገው የፈረስ ፌስቲቫል ላይ ዘፋኙ ሉዊስ ኮንሪኬስ የዚያን ቦታ ክልከላ አክብሮ ኮሪዶ አልዘፍንም ሲል ሕዝቡ ተቆጥቶ ያገኘውን ይወረውር ጀመር፣ መድረክ ወጥቶ የባንዱን መሣሪያ ሰባበረው። ሚክሰርህ እዚያ ቢሆን አስበው! ኮሪዶ እንደሌለ ትኬት ሲሸጥ ይነገር፣ መድረክ ላይ ሳይሆን።

ዝም አልልም
እኔ ክልከላው አይገባኝም፣ ሰው በስልኩ እየሰማው። የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት ሼንባውምም መከልከሉን አልደገፈችም፣ በሱ ፈንታ ዓመፅን የማያወድሱ ዘፈኖች የሚወዳደሩበት መድረክ ነው ያመጣችው። ግን እሷን ተማምነህ እንዳትገባ፣ ከተማውም ግዛቱም የየራሱን ያወጣል። የናያሪት ግዛት ከልክሏል፣ የአጓስካሊየንቴስ ግዛትም የሳን ማርኮስ ፌስቲቫል ላይ ከልክሏል። ደግሞ ስክሪኑ ማን እጅ ላይ ነው? ማርች 2025 ሳፖፓን የምትባል የሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ሎስ አሌግሬስ ዴል ባራንኮ የሚባለው ባንድ ሲጫወት የአንድ ካርቴል (የዕፅ ነጋዴዎች ቡድን) አለቃ ፎቶ ስክሪን ላይ ወጣና አሜሪካ የባንዱን ቪዛ ሰረዘች።

የሳውንዱ ልጅ
ጉድ በሉ፣ ስክሪኑም የእኔ ሥራ ነው! እንግዲያው ባንዱ ያልፈረመበትን ምስል አልጭንም። ቅጣት ከመጣም ባንዱና አዘጋጁ ይክፈሉ ብዬ ውሉ ላይ አስገባለሁ።

ቤዝ ጊታር
የተሰበረ ዕቃ ማን እንደሚተካም አስገባ። በስፓኒሽም ይጻፍ፣ ቀብዱን ሳትቀበል ደግሞ ዕቃ መኪና ላይ እንዳትጭን።