ደንዝዞ የቀረው አገጬ

ሰላም ወሎዬዎች። ለእረፍት ደሴ ለምትገቡና «እግረ መንገዴን ጥርሴንም ልታይ» ለምትሉ ነው የምጽፈው። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር፣ እዚህ ውጭ አገር ቀጠሮው ሲጓተትብኝ።

የተነቀልኩት የታች የመጨረሻውን መንጋጋ ነው። የማደንዘዣው መርፌ ሲገባ ግማሽ ከንፈሬ፣ አገጬና ምላሴ በዚያ በኩል ጠፉ። ሐኪሙ «ከ2 እስከ 5 ሰዓት ይቆይብሃል፤ እስኪለቅህ እንዳትበላ፣ ትኩስም እንዳትጠጣ» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ እናቴ እጣኗን አጭሳ፣ ጎረቤት ሰብስባ፣ አቦሉ ተቀድቷል። እምቢ በላ እስቲ! ፉት አልኩ። ቡናው ባንድ በኩል ሸሚዜ ላይ ይንጠባጠባል፣ እኔ እቴ፣ ሴቶቹ ሲስቁ ነው ያወቅኩት። ማታ ሲለቀኝ ከንፈሬ ከውስጥ ተልጧል፣ ለካ ነክሼውም ኖሯል።

በማግስቱ ምላሴ ተመለሰ፣ አገጬ ግን ወይ ፍንክች። ጢሜን ስላጭ የሌላ ሰው ፊት የያዝኩ መሰለኝ። እናቴ «አብሽር፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ነው» አለች። በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ ተመለስኩ። ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፍኖ በጥጥና በመርፌ ጫፍ እየነካ፣ የማይሰማኝን ቦታ አገጬ ላይ በእስክሪብቶ ከበበው። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ከጥርሱ ሥር ጋር ተጠግቶ ስለነበር ተነክቷል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል አለኝ።

እኔ ደግሞ በነጋታው በረራ አለብኝ፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደዚህ። ስለዚህ ወገን፣ የምትነቀሉ ከሆነ በገባችሁበት ሳምንት ተነቀሉ እንጂ ሻንጣ እየዘጋችሁ አይሁን። ማግስቱንም ደንዝዞ ከዋለ ከነቀላችሁ ሰው ዘንድ መመለስ አለባችሁ። ራጁን ተቀበሉ፣ የተወጋችሁትንም መድኃኒት ስም አጽፉ። እኔ ራጁንም ያንን የእስክሪብቶ ክብም በስልኬ አንስቼ ስለነበር የዚህ አገሩ ሐኪም ከዚያ ቀጠለ። በሦስተኛው ሳምንት አገጬ ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ መሰለኝ፣ ደህና ምልክት ነው ተባልኩ። ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በሁለተኛው ወር ነው።

— ወንድሜ፣ በሙቅ ውሃ መያዝ ቶሎ አያስለቅቅም? ልጄ ነገ ጥርስ ታስሞላለች፣ ከንፈሯን እንዳትነክስ ፈርቻለሁ።

— አይ እህቴ፣ ማደንዘዣውን ጠርጎ የሚወስደው ደሟ ራሱ ነው። ሙቅ ነገር ደንዝዞ ሳለ ይልጣታል እንጂ አይፈይድላትም። አሜሪካ ከሆናችሁ ፌንቶላሚን የሚባል ቶሎ የሚያስለቅቅ መርፌ አለ፣ እዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የተፈቀደው፤ ለእሷ ይሆን እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ። ካልሆነ ከመሄዷ በፊት አብያት፣ ከዚያ እስኪለቃት ምንም እንዳታኝክ በዓይንሽ ጠብቂያት። ልጆች የደነዘዘ ከንፈር ያስቃቸውና እየነከሱ ይጫወቱበታል። ቡና የተፈላበት ቤትም እንዳትወስጃት።