ጅማ፦ የኮሮላ ፍሪሲዮን ቅያሬ 52,440 ብር፣ ሂሳቡ ልክ ነው?

ጠያቂ
ሰላም ወገን። መኪናው የ2004 ሞዴል ኮሮላ ነው፣ ማንዋል፣ 1.6። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይጎትትም ነበር። ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ ሲወጣማ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል። እዚሁ ጅማ ጋራዥ ገብቶ የመጣው ሂሳብ ይኸው፦ የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያገናኝና የሚለይ ክፍል) ሙሉ ኪት 24,000፣ ቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት የሞተሩ ከባድ ክብ ብረት) ፊቱ በቶርኖ የተላጨበት 3,000፣ የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግድ ጎማ) 1,800፣ ኦይል ሲል የተቀየረበት የእጅ ዋጋ 4,000፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አውርዶ ፍሪሲዮን የተቀየረበት የእጅ ዋጋ 8,000፣ የካምቢዮ ዘይት 4 ሊትር 4,800፣ ቫት 6,840። ድምሩ 52,440። ግማሹን ከፍያለሁ። ቀሪውን ሳልከፍል የትኛው ላይ ልከራከር?

መልስ፣ ከአጂፕ ሰፈር
ወንድሜ፣ ምልክቱ የፍሪሲዮን መሸራተት ስለሆነ መቀየሩ ላይ አትከራከር። ክርክርህ የእጅ ዋጋው ላይ ነው፤ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮብሃል።

በዚህ መኪና ፍሪሲዮኑ ጋ ለመድረስ ባትሪው ይነሳል፣ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ይፈታል፣ የሁለቱ የፊት ጎማ ሻፍቶች (ጎማ የሚያሽከረክሩ ዘንጎች) ይወጣሉ፣ ሞተሩ ከታች ተደግፎ ካምቢዮው ይወርዳል። ድካሙ ሁሉ ይኼ ነው፣ 8,000ውም የተጠየቀው ለዚሁ ነው። ካምቢዮው ከወረደና ፍሪሲዮኑ ከተፈታ በኋላ የኋላው ኦይል ሲል ያለው ቮላኖው ጀርባ ነው። የቮላኖውን ብሎኖች ፈትቶ አሮጌውን ማውጣት፣ ቤቱን ማጽዳት፣ አዲሱን ሳያዘነብሉ መግፋት፣ በቃ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ቢበዛ። ኦይል ሲሉ ለብቻው ተበላሽቶ ካምቢዮ ቢወርድለት ኖሮ ሙሉ ዋጋ ይገባው ነበር፤ አሁን ግን 4,000ው ብዙ ነው። 1,000 ብትሰጥ መካኒኩን አልበደልከውም።

ዘይቱም ልክ አይደለም። የዚህ ኮሮላ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ የሚይዘው 1.9 ሊትር ነው። ሻፍቶቹ ሲወጡ ዘይቱ ስለሚፈስ አዲስ መሞላቱ ትክክል ነው፣ ግን 2 ሊትር ይበቃል፤ እሱም 2,400 ነው። ቀሪው 2 ሊትር ተገዝቶ ከሆነ ቆርቆሮው ይሰጥህ።

መልስ፣ መለዋወጫ ሻጭ
ከዋጋው በፊት አሮጌውን ዕቃ ጠይቅ፤ የራስህ ነው። ሸራውን (እየተፋተገ የሚያልቀውን የፍሪሲዮን ሰሃን) ገልብጠህ ሪቬቶቹን (ፊቱን የያዙትን ምስማሮች) እይ። ከሸራው ፊት በታች 0.3 ሚሊ ሜትር እንኳ ካልቀራቸው አልቋል። ቀጥለህ ዘይት ነክቶት እንደሆነ ተመልከት። ጥቁርና ቀጠን ያለ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፣ የኋላው ኦይል ሲል ያፈስ ነበር ማለት ነው። ወፈር ብሎ የድኝ ሽታ ካለው የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ያኔ መቀየር የነበረበት የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኦይል ሲል ነው፣ የተቀየረልህ ደግሞ ሌላው ነው።

ኪቱ ሸራ፣ ፕሬዠር ፕሌት (ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫን) እና ኩሽኔት (ፔዳል ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቅ)፣ ሦስቱንም መያዝ አለበት። ካርቶኑን አስመጣና የተጻፈውን ብራንድ ከደረሰኙ ጋር አስተያይ። አብዛኛው ዕቃ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው የሚመጣው፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጥቂት ጭማሪ ያለ ነው፣ የዋጋውን ሲሶ ከጨመረ ግን ዝም አትበል።

ቮላኖ ሁልጊዜ ቶርኖ አይገባም። የሚያስፈልገው ሰማያዊ የተቃጠለ ቦታ ወይም ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ነው። ስንጥቅ ካለው ደግሞ መቀየር ነው እንጂ መላጨት አያድነውም። ሥራው የሚሠራው ቶርኖ ቤት ስለሆነ የቶርኖ ቤቱን ደረሰኝ ጠይቅ።

ጠያቂ
አሮጌውን ሰጥተውኛል። ሸራው ደርቆ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ሪቬቶቹ ከፊቱ እኩል ሆነዋል። የዘይት ምልክት የለውም። የቶርኖ ቤት ደረሰኝ አላቸው።

መልስ፣ ከአጂፕ ሰፈር
ስለዚህ ሸራው በልኩ አልቆ ነው የተንሸራተተው፣ ኦይል ሲሉ አያፈስም ነበር። ያም ሆኖ ካምቢዮ ወርዶ ሳለ የኋላውን ኦይል ሲል መቀየር ጥሩ አሠራር ነው፤ ነገ ቢያፈስ አዲሱን ሸራ ያበላሸዋል፣ ካምቢዮውም እንደገና መውረዱ ነው። 1,800ውን ክፈል። ሳያስፈቅዱህ መቀየራቸው ግን ልክ አይደለም፣ ይኼን ንገራቸው።

ከእጅ ዋጋው 3,000፣ ከዘይቱ 2,400 ሲቀነስ 40,200 ይሆናል። ከ15 በመቶ ቫት ጋር 46,230። ቫት የሚከፈለው ግን በካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ነው። በእጅ በተጻፈ ወረቀት ላይ ቫት ብለው ከጻፉ 6,030ውንም አትክፈል።

ቀሪውን ከመክፈልህ በፊት መኪናውን ፈትሽ። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማ ይታገድ፣ 4ኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ፤ ሞተሩ መጥፋት አለበት። አንዴ ይበቃል፣ አትደጋግመው። ፔዳሉን በጣት ስትገፋው ሳይከብድ የሚወርደው ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ምንም ከሌለው አዲሱም ይንሸራተታል። ኋላ ማርሽ ሲገባ ከተንጫጫ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ቱቦ ውስጥ አየር ቀርቷል፣ አየሩን እንዲያወጡት አድርግ። አንድ ሌሊት ካርቶን አንጥፈህ አሳድረው፤ ጠዋት ሻፍቶቹ ካምቢዮው ውስጥ በሚገቡበት በኩል ጠብታ ካየህ ሻፍት ሲያስገቡ የጎኑን ኦይል ሲል ቀደውታል፣ ያ በነጻ ይቀየራል።