ክርክር፦ ታክትሳንግን ለማየት በአዳር 100 ዶላር ልክ ነው?

መንገደኛዋ፦ በሂማላያ ተራሮች ባለችው አገር በቡታን ውስጥ፣ ከፓሮ ሸለቆ በላይ፣ ገደል ላይ የተለጠፈ የሚመስል የቡድሂስቶች ገዳም አለ። ታክትሳንግ ይባላል፤ የነብር ጎሬ ማለት ነው። ጉሩ ሪንፖቼ የተባለው የቡድሂዝም መምህር በ8ኛው ክፍለ ዘመን በነብር ጀርባ በርሮ መጥቶ ዋሻው ውስጥ ጸለየ ይላሉ። ገዳሙ የተሠራው በ1692 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ግን የውጭ ጎብኚ አገሩ ውስጥ ላደረበት ለእያንዳንዱ ሌሊት ለመንግሥት 100 ዶላር ይከፍላል። ሆቴሉና አስጎብኚው ሌላ ነው። ለእኔ ልክ አይደለም። የጸሎት ቦታ ደጃፍ ላይ ኪስ አይፈተሽም።

አገር ጠባቂ፦ አልስማማም እህቴ። የቡታን ሕዝብ 800 ሺህ ቢሆን ነው። በ1974 ለቱሪስት በሯን ስትከፍት ጀምሮ ጥቂት እንግዳ ይበቃኛል ያለች አገር ናት። ገንዘቡ ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለደን ነው የሚውለው። ታክትሳንግ ደግሞ በ1998 ተቃጥሏል። መኪና በማይደርስበት ገደል ላይ እሳት ሲነሳ አስቢው! መልሰው ሠርተው የጨረሱት በ2005 ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ግርግር አይችልም።

ሒሳብ ወዳድ፦ ታዲያ ግርግሩን ክፍያው ቀነሰው? በ2022 ከ65 ወደ 200 ዶላር አወጡት። በዓመቱ ወደ 100 አወረዱት፣ ቱሪስት ናፈቃቸዋ። 65ቱም ቢሆን ብቻውን አልነበረም፤ ሆቴልና አስጎብኚን ይዞ በቀን ከ200 እስከ 250 ዶላር የሚደርስ ጥቅል ነበር። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከጎብኚው የሚበዙት ደግሞ ህንዳውያን ናቸው። እነሱ የሚከፍሉት 1,200 ሩፒ ብቻ ነው።

ዳገት የወጣ፦ እኔ ደርሼበታለሁ። ፈረስ የሚወስድህ እስከ መንገዱ አጋማሽ ነው። ከዚያ በእግርህ ነው። መጨረሻ ላይ ብዙ ደረጃ ወርደህ፣ ፏፏቴው ሥር ያለውን ድልድይ ተሻግረህ፣ እንደገና ትወጣለህ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ቁርጥ ይላል። በሩ ላይ ስልክህን፣ ካሜራህን፣ ቦርሳህን ታስረክባለህ። ጫማህን ታወልቃለህ። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ከንፈራቸው ሳያርፍ፣ ቀስ እያሉ ደረሱ። ቦታውን የሚጠብቀው ይሄ ሥርዓት ነው። ደብረ ዳሞን በገመድ የወጣ ሰው የምለው ይገባዋል።

መንገደኛዋ፦ አየህ! ጠባቂው ዳገቱና ሥርዓቱ ከሆነ፣ 100 ዶላሩ ግብር ነው። ግብር ከሆነ ደግሞ ቡድሂስቶች ከሚበዙባቸው ከታይላንድ ወይም ከስሪላንካ ሊሳለም ለሚመጣ ሰው ይቅርለት።

አገር ጠባቂ፦ እሱን እቀበላለሁ። ግን አየር ማረፊያው ላይ ተሳላሚውን ከጎብኚው ማን ይለየው?